የአምስት ሴንቲ ይሉኝታ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ሱቁን ሳልከፍት የሠፈራችን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ጉርድና ኮት፣ ለዓርብ። ሁሌም ለዓርብ ነው። ሰው ሁሉ ዓርብ ዓርብ ምን እንደሚሆን አንድ ቀን ይገባኝ ይሆናል።

ለካኋት። ሜትሩ ወገቧ ላይ መቶ አንድ አለ። ጮክ ብዬ «ዘጠና ስድስት!» አልኩ። ቆራጩ ከመጋረጃው ኋላ አምስት ጨምሮ መቶ አንድ ብሎ ልኬት ደብተሩ ላይ ጻፈ። እሷ መስታወቱ ፊት ዞር ዞር ብላ «ጨመርኩ ብዬ ፈርቼ ነበር እኮ» አለች። ምን ጨመርሽ፣ አልኳት። ደስ ብሏት ሄደች።

ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ ነው የሠራነው። እኔንም ቆራጩንም ሥራ ያስተማረን አለቃችን፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ሰው እዚህ ልብስ ሊያሰፋ እንጂ ሊሰደብ አይመጣም» ይል ነበር። የሚለካው አምስት ይቀንሳል፣ የሚጽፈው አምስት ይመልሳል። ልብሱ ልክ ይመጣል፣ ባለቤቱም አይከፋውም። ማን ተጎዳ?

ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት ቤት ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ ማውራት ስለለመደብኝ ነው። በጽሑፍ ይሻላል። ጎረቤት አይሰማም።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ጋሼ መጣ። ታላቅ ወንድሜ። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ማዞሪያቸው ከሱቃችን ማዶ ስለሆነ በእረፍቱ ብቅ ይላል። ሳይቀመጥ ውኃ ጠየቀ። አንድ ብርጭቆ፣ ሁለት፣ ሦስት...

«ምነው፣ ጉድጓድ ነው እንዴ የምሞላው?»

«ሙቀቱ ነው» አለ። የምን ሙቀት? እኔ ሹራብ ደርቤያለሁ።

የመጣው ለአዲስ የደንብ ሱሪ ነው። እሱ ሲለካ ትርኢት ነው። ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ቆራጩን «ስማ፣ ስድስት ዓመት ያልተነቃነቀ ወገብ ነው! ዘጠና ስምንት!» ይለዋል። አዎ፣ ዘጠና ስምንት። ያልኩት እኔ ነኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት መቶ ሦስት ነበር፤ እንደ ደንቡ አምስት ቀነስኩለት። በዓመቱ መቶ አምስት ሆነ፣ ዘጠና ስምንት አልኩ። መቶ ስምንት ሆነ፣ ዘጠና ስምንት አልኩ። አምና መቶ አሥራ ሦስት። ዘጠና ስምንት! ለደንበኛ አምስት፣ ለወንድም አሥራ አምስት። የሱን ገጽ ደብተሩ ላይ የምጽፈው እኔው ነኝ፣ እውነተኛውን ቁጥር። ምን ላድርግ? እናታችን ስትሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። የሱ ፊት ሲጠቁር ማየት አልችልም።

ዛሬ ሜትሩን አዞርኩ። መቶ ሰባት። ደግሜ አዞርኩ። መቶ ሰባት።

ስድስት ሴንቲ ቀንሷል! «ጋሼ፣ ቀንሰሃል እኮ» ልለው አፌን ከፈትኩና... ከምን ቀነሰ ልበለው? በኔ ቤት መቶ አሥራ ሦስት ሆኖ አያውቅም። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

«ስንት ነው?» አለኝ።

«ዘጠና ስምንት።»

«አላልኩህም?» አለው ቆራጩን። ሽንት ቤት ገብቶ ወጣና ሄደ። ሲመጣም ገብቶ ነበር።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

የጋሼን ሱሪ ቆረጥን። ቆራጩ «ወንድምሽ ስፖርት ጀመረ እንዴ?» አለኝ። አልጀመረም። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው፣ ማታ ሶፋ ላይ።

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? ሰው ለመክሳት ይከፍላል፣ እሱ በነጻ ከሳ።»

ሳቅን። አምና የሰፋሁለትን ሁለት ሱሪም አስልኬ አጠበብኩለት። በጎን በጎኑ ብቻ፣ እንዳይታወቅ። ሥራዬን እችላለሁ... ይህን ማንም አይክደኝም።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

ጋሼ በጣም ደስ ብሎት መጣ፤ ካርድ ይዟል። የጤና ጣቢያ ሰዎች ዴፖአቸው ድረስ መጥተው ስለ ስኳር በሽታና ስለ ውፍረት አስተምረዋቸዋል። ትልቅ ሸራ ተሰቅሏል፣ ድምፅ ማጉያ አለ፣ ሾፌሩ ሁሉ በየተራ ሚዛን ላይ ወጥቷል። ከዚያ ነጥብ ነው። ዕድሜህ ይህን ያህል ነጥብ፣ ክብደትህ ይህን ያህል፣ ወገብህ ይህን ያህል። አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ያመጣ ጣቱን ተወግቶ ስኳሩ ይታያል። ከዚያ በታች የሆነ ምክር ሰምቶ ይሄዳል፤ የመመርመሪያው ወረቀት ለሁሉም አይበቃም።

«አሥራ አንድ!» አለ ካርዱን እያውለበለበ። «ስልክ እንጨቱ እንኳ ተወጋ፣ እኔ አለፍኩ!» ስልክ እንጨት የሚሉት ቀጭኑን ትኬት ቆራጭ ነው።

ካርዱን ተቀብዬ አነበብኩ። ወገብ፣ ከዘጠና አራት እስከ መቶ ሁለት፣ ሦስት ነጥብ። ከመቶ ሁለት በላይ፣ አራት ነጥብ። ሦስቱ ላይ ተከቦበታል።

«ለኩህ?»

«ምን ይለኩኛል! ሰልፉ አያድርስ ነው። ልጅቷ ሜትሯን ስትዘረጋ ‹ተዪው፣ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ወገቤን ከኔ በላይ ታውቀዋለች። ዘጠና ስምንት ብለሽ ጻፊ› አልኳት። ጻፈች።»

አንድ ነጥብ። ልክ አንድ ነጥብ! «ተመለስና ጣትህን ተወጋ» ማለት ነበረብኝ። ለምን ቢለኝስ? ቆራጩ አለ፣ ሁለት ደንበኛ አለ... ብቻችንን ስንሆን እነግረዋለሁ አልኩ። ካርዱን የአውቶቡሱ መስታወት ላይ ሊለጥፈው ነው።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

የወንድሜ ሚስት ዚፕ ልታስቀይር መጣች። ጋሼ እንቅልፍ ነስቷታል። ሌሊት አራት ጊዜ ይነሳል፣ አራቴም ውኃ ይጠጣል። ሥራ ላይ ደግሞ መንገድ መሐል ሽንት እንዳይይዘው ውኃ ትቷል። ማዞሪያ ሲደርስ ታዲያ ጥሙ አይቻልም፣ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ በአንድ ትንፋሽ።

«ሌላ ምን ይላል?» አልኳት።

«ደከመኝ ይላል። እንደሱ ብቻ። ዕድሜ ነው መሰለኝ።»

እሁድ ምሳ ጠራችኝ። እሁድ እነግረዋለሁ።

ጥቅምት 24፣ እሁድ

አልነገርኩትም።

ልናገር ነበር። ሻይ ሲቀርብ ጎኑ ተቀመጥኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። እሱ አራት ማንኪያ ስኳር ጨመረ። «ጋሼ፣ እሱን ነገር ብትቀንሰው» አልኩት። ልጆቹ ፊት ትከሻዬን አቅፎ «እቺ እኮ ምስክሬ ናት! ስድስት ዓመት ስኳር ቅሜ ወገቤ አልተነቃነቀም። ንገሪያቸው እስቲ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቅሁ!

ይሉኝታ ነው ልበል? ፍርሃት ነው። ስሙን ባሳምረው ያው ፍርሃት ነው።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ጋሼ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎት መጣ። አዲሱ ሱሪ! ከተሰፋ አንድ ወር ያልሞላው! «ጨርቁ ተለጥጦ ይሆናል» አለኝ። ጨርቁ አይለጠጥም። መቶ ሦስት። በሦስት ሳምንት ከምናምን አራት ሴንቲ። ፊቱም ገብቷል፣ ጉንጩ ሟሟ። እንዴት እስከዛሬ አላየሁትም? ወገቡን ብቻ ነዋ የማየው።

«አዎ፣ ጨርቁ ነው» አልኩት።

አጠበብኩት። ስፌቱ ሁለት ቦታ ተጣመመብኝ። በሃያ ሦስት ዓመት ስፌት ፈትቼ ስሰፋ ይህ ስንተኛዬ ነው... አላውቅም። አምቄ ከምይዘው ነገ ሄጄ ልንገረው። ነገ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ጋሼ አውቶቡሱን ከመብራት ምሰሶ ጋር አጋጨው።

ሰው አልተጎዳም። ተመስገን። የጎን መስታወቱ ሄደ፣ ከፊት ወንበር አንዲት ሴትዮ የያዘችው እንቁላል በሙሉ ተሰበረ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲነዳ አንድ ጭረት የለበትም! «ምሰሶው ደብዝዞ ታየኝ፣ ሩቅ መሰለኝ» ብሏቸዋል። የመሥሪያ ቤቱ ነርስ አይቶት ወዲያው ሆስፒታል ላከው። ጣቱን ወጉት። አራት መቶ አሥራ ሁለት።

ያ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር። የሐኪሙን ፊት ሳይ ገባኝ። አስተኙት።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

የማልጽፈው ነገር ቢሆን ደስ ባለኝ።

አልጋው አጠገብ ቆመን ነበር፣ እኔና ሚስቱ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ይጠይቃል። ውኃ ጥም? አዎ። ሽንት? አዎ። ዓይን? ይደበዝዛል። «በቅርብ ወራት ከስተዋል? ልብስ ሰፍቶብዎታል?»

«ኧረ በጭራሽ!» አለ ጋሼ። በዚያ ሁኔታው እንኳ ኮራ ብሎ። «ስድስት ዓመት ዘጠና ስምንት ነኝ። እህቴ ትመስክር፤ ልብስ ሰፊዬ እሷ ናት።»

ሐኪሙ ዞሮ አየኝ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆሟል።

«አዎ» አልኩ።

ሐኪም ፊት! ምላሴን በቆረጠው! «ካልከሱ ጥሩ ነው» ብሎ አንድ ነገር ጻፈ። ምን ጻፈ? በኔ ውሸት ላይ ምን ዓይነት መድኃኒት ሊሰጠው ነው? ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የጥበቃ ሠራተኛው የሞተብኝ መስሎት «አይዞሽ እናቴ» ብሎ ውኃ አመጣልኝ። እንዲያ ሲለኝ ባሰብኝ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ልኬት ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ቆራጩ በር ላይ ቆሞ «የደንበኛ ሚስጥር ይዘሽ የት ነው?» አለኝ። ገፍቼው አለፍኩ።

ቀጥታ ሐኪሙ ጋ። «ትናንት ዋሽቻለሁ» አልኩት። የጋሼን ገጽ ገለጥኩለት። ዓመቱን ሁሉ አነበበ። «ከመቶ አሥራ ሦስት መቶ ሦስት? አሥር ሴንቲ እኮ ነው!» አለ። ይህ የሰሞኑ ጉዳይ አይደለም፣ ስኳሩ ዓመታት ሳያስቆጥር አልቀረም፤ ዓይኑም ኩላሊቱም እግሩም ይታይ ብሎ ሌላ ወረቀት ጻፈ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ጋሼ ጋ ገባሁ። ነገርኩት። ሁሉንም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። ደብተሩን ተቀብሎ ወደ ፊት አራቀው፣ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፤ አልታይ አለው። ለሚስቱ ሰጣት።

«አንብቢልኝ።»

አነበበችለት። መቶ ሦስት። መቶ አምስት። መቶ ስምንት። መቶ አሥር። መቶ አሥራ አንድ። መቶ አሥራ ሦስት። ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። ጎን ያለው በሽተኛ ሳይቀር ያዳምጥ ነበር።

«መቶ አምስት ላይ ብትነግሪኝ ኖሮ» አለ ጋሼ፣ «ያኔ ሃምሳ ዓመቴ ነበር። ያኔ እሮጥ ነበር።»

ደብተሩን ከሚስቱ እጅ ወስዶ ዘጋው።

«ልብስ ስፊልኝ አልኩሽ እንጂ አባብዪኝ አልኩሽ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሚስቱ በዓይኗ ውጪ አለችኝ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ጋሼ ከሆስፒታል ወጣ። ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ፣ ሆዱ ላይ ራሱ ይወጋል። ዓይኑ ስኳሩ ሲወርድ በሳምንታት ውስጥ ሊጠራ ይችላል ብለዋቸዋል፤ ውስጡ የተጎዳ ከሆነ ግን አይመለስም። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ታይቶ መንጃ ፈቃዱ ይወሰናል። እስከዚያ ከመሪ ታግዷል።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሚስቱ ናት፣ በስልክ። ጋሼ አጠገቧ ነበር፣ ሲያስል ሰማሁት። «ሰላም በይልኝ» አልኳት። «ሰላም ትልሃለች» አለችው። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ዛሬ ከቆራጩ ጋር ጉድ ፈላ።

ዳይሬክተሯ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ለካኋት። «መቶ ሁለት» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ እንደወትሮው። ቆራጩ ከመጋረጃው ኋላ መቶ ሰባት ብሎ ጻፈ! «አትደምር!» ብዬ ጮህኩበት። እሷ ክው ብላ ቀረች። «መቶ ስንት?» መቶ ሁለት፣ እትዬ። ባለፈው ጊዜም መቶ አንድ ነበርሽ፤ ዘጠና ስድስት ያልኩሽ ለደስታሽ ብዬ ነው። ሁሌም ለደስታሽ ብዬ ነው።

ቀላች። ቦርሳዋን አነሳች። «እኔ እዚህ የመጣሁት ለቀሚስ ነው» ብላ ወጣች።

ቆራጩ እንዲህ ተናዶ አይቼው አላውቅም። «አለቃችን ከመቃብር ይነሳና ይይሽ! ሱቁን ልትዘጊው ነው? አንቺ ሐኪም ነሽ?» አይደለሁም። ሐኪምማ ሜትር ይዞ ቤት ለቤት አይመጣም። የዚህን ሠፈር ወገብ በየዓመቱ የሚነካው ማን ነው? እኔ ነኝ። ሲሰፋም ሲጠብም ከባለቤቱ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። ይህን ስለው ካውያውን አነሳ። አልተስማማም ግን። እስከ ምሽት በካውያው ጨርቁን ሳይሆን እኔን የሚተኩስ ይመስል ነበር።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ሳምንቱን ሦስት ደንበኛ ተቆጥቶ ሄደ። ሁለቱ ቁጥሩን ሰምተው ቀጠሮ ያዙ። አንዲቷ ነጋዴ ግን ሳቀችና «ገብቶኛል እኮ፣ ወንበሩ ይነግረኛል!» አለችኝ።

ከሰዓት አንዲት ቀጠን ያለች ልጅ ገባች። ያን ቀን ዴፖው ጋ የነበረችው ነርስ ናት። ሐኪሙ ነግሯት ነው የመጣችው። ልትወቅሰኝ መስሎኝ ጠንከር ብዬ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ሜትሩን ራሴ ማዞር ነበረብኝ» አለችኝ። «መቶ ሃያ ሰው ተሰልፎ ነበር፣ እሳቸው እርግጠኛ ሆነው ሲነግሩኝ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

እሷም! እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ያመመኝን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ደንበኞቼ ሁሉ የውሸት ቁጥር ይዘው እንደሚዞሩ ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ። «ሁሉም?» ሁሉም። ሃያ ሦስት ዓመት። ሴቶች ሰው ፊት መለካት ስለሚያፍሩ ብዙ ጊዜ ቁጥራቸውን በቃል ነው የሚነግሯት። ያ ቁጥር የኔ ቁጥር ነው።

ገበያ ማዕከሉ ግቢ ውስጥ ሌላ ዘመቻ አለ፣ ጥር መጀመሪያ። መጋረጃ አዘጋጃለሁ፣ ሴቶቹን እርስዎ ይለኩልኝ አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ከማለት ሌላ ምን አለኝ?

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ጋሼ ቤት ስልክ ደወልኩ። አነሳው። «ሄሎ» አለ። «እኔ ነኝ» ስል ለሚስቱ ሰጣት።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

የዓይኑ ውጤት መጣ። ግራው ጠርቷል። ቀኙ አልጠራም፤ ውስጡ ደም ሥሮቹ ተጎድተዋል፣ የቆየ ጉዳት ነው። ሕክምና ይቀጥላል እንዳይብስ እንጂ የጠፋው አይመለስም። አውቶቡስ መንዳት አበቃ። ስምሪት ላይ መድበውታል፤ ማዞሪያው ላይ ቆሞ የሌሎቹን መኪና ሰዓት ይመዘግባል።

ሚስቱ ስትነግረኝ ረጋ ብላ ነው። «ምን አለ?» አልኳት። «ቁልፉን አስረክቦ መጣ። ራት በላ። ተኛ።»

ወንድሜን ከመሪው ያወረድኩት እኔ ነኝ። ነርሷ ሁሉንም ራስዎ ላይ አይጫኑ ትላለች። ሐኪሙም ቀድሞ መመርመር የራሱም ድርሻ ነበር ይላል። ይበሉ። ሌላው የሌላው ነው፣ የኔን ድርሻ ግን በሴንቲ አውቀዋለሁ።

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ

በመስኮት አየሁት። ማዶ። የስምሪት ወረቀት ይዞ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ። በምሳ ሰዓት ወረቀቱን አስቀምጦ ማዞሪያውን በእግሩ መዞር ጀመረ። ፈጠን ፈጠን እያለ። ስምንት ዙር ቆጠርኩ። በስምንቱም ወደ ሱቃችን ቀና አላለም።

ቆራጩም ሲያይ ነበር። «ከነገ ጀምሮ እኔም ልዞር ይሆናል» አለ። ቀልዱን ይሁን የምሩን አልጠየቅኩትም። ከተጣላንበት ቀን ወዲህ ግን የምጠራውን ነው የሚጽፈው።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ደክሞኛል፣ እጄ አይጽፍም። ግን ዛሬ ካልጻፍኩት አይሆንም።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ገበያ ማዕከሉ ግቢ ነበርኩ። ነርሷ ቃሏን ጠብቃ መጋረጃ ሰቅላልኛለች። የመመርመሪያው ወረቀትም በዚህኛው ዙር ይበቃል ተብሏል። ሴቱ ሁሉ መጣ፣ ግማሹ ደንበኛዬ። ቁጥሩን ጆሯቸው ላይ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ እውነተኛውን። አንዷ ቆነጠጠችኝ። አንዷ አቀፈችኝ። ዳይሬክተሯ አልመጣችም፣ ሌላ ልብስ ሰፊ ጋ ነው አሉ የምትሄደው። እዚያ ስንት ይሏት ይሆን?

የወንዶቹ ሰልፍ ከመጋረጃው ወዲያ ነው። አምስት ሰዓት ገደማ የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ። ሾፌሮቹን ከማዞሪያው በየተራ እየላከ ነበር፣ አሁን ራሱም መጥቷል። አንዱ ለካዩን «ተወው፣ እኔ ልኬን አውቃለሁ፣ ዘጠና አምስት ነኝ» ይላል።

«ምንም አታውቅም» አለው ጋሼ። «ኮትህን አውልቅ። ቀበቶህን ፍታ። ሜትሩ ይናገር። እኔ በአፌ ተናግሬ ነው መሪዬን ያጣሁት።»

በአፌ ተናግሬ። በአፌ! እህቴ ዋሽታኝ አላለም። መጋረጃውን ይዤ ቆምኩ፤ ቀጣይዋ ሴትዮ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት፣ እንባዬ እየወረደ።

ወደ ስድስት ሰዓት ሰልፉ ሳሳ። ነርሷ «እርስዎስ?» አለችኝ። እኔ? እኔማ ለካይ ነኝ። «እትዬ፣ ወገብዎ ስንት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ... አላውቀውም። የሰው ሁሉ ወገብ እያወቅኩ የራሴን አላውቅም! ለራሴ ሁሌ በግምት ሰፋ አድርጌ ነው የምቆርጠው። ሜትሬን ከአንገቴ ላይ አውጥታ ራሷ አዞረችው። መቶ አራት። ከዚያ ነጥብ፣ ዕድሜ፣ የወንድም ስኳር... አሥራ ስድስት። ጣቴን ወጋችው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ስንት አለ?» አልኩ።

ነርሷ ትንሽ ዘገየች። አለስልሳ ልትነግረኝ ቃል እየመረጠች እንደሆነ ገባኝ፤ እኔ ስንቱን እንዲያ አድርጌያለሁ።

«ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት» አለኝ ሌላ ድምፅ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ጋሼ ነው። የመመርመሪያዋን መሣሪያ ወደ ግራ ዓይኑ አስጠግቶ ያነብባል። ሃምሳ ስድስት ቀን ድምፁን አልሰጠኝም ነበር።

«ብዙ ነው?» አልኩት።

«ብዙ ነው።» አላባበለኝም። ወንበር ስቦ ከጎኔ ቁጭ አለ። ነርሷ በባዶ ሆድ እንደገና መታየት እንዳለብኝ፣ ዛሬውኑ ስለተገኘ ገና ብዙ የሚሠራ ነገር እንዳለ አስረዳችን። እሱ እያንዳንዱን ቃል ራሱን እየነቀነቀ ሰማ፤ እኔ ግማሹንም አልሰማሁም። ዕድሜዬ አርባ ሰባት ነው። እሱ ያጣውን ጊዜ እኔ አግኝቼዋለሁ፣ እውነተኛውን ቁጥር የነገረኝም እሱ ነው።

«ሰኞ ጠዋት ምንም ሳትቀምሺ ጠብቂኝ» አለኝ። «ሆስፒታል እወስድሻለሁ።»

«በምን?»

ከአፌ አመለጠኝ። እንዴት እንዲህ ይባላል ለሱ? ወደ ማዞሪያው፣ ወደቆሙት አውቶቡሶች ተመለከተ።

«በአውቶቡስ ነዋ» አለ። «ከኋላ እንቀመጣለን። እኔም ገና እየተለማመድኩት ነው።»

ሰኞ፣ አንድ ሰዓት፣ በባዶ ሆድ።